ሮም ለብቻ፣ በ500 ዩሮ

የመንገድ ጥያቄዎች ዓምድ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዕድሜዬ 27 ነው፤ መምህርት ነኝ። እኔና የልብ ጓደኛዬ ሁለት ዓመት ገንዘብ ስናጠራቅም ቆይተን፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር መጀመሪያ ስድስት ሌሊት ሮም ልናሳልፍ ተዘጋጅተን ነበር። ቪዛው ወጣ፣ የአውሮፕላን ቲኬቱም ተቆረጠ። ከዚያ እሷ አዲስ ሥራ ያዘችና ፈቃድ ከለከሏት። ብቻዬን ቀረሁ። ከቲኬቱ ሌላ በእጄ ያለው 500 ዩሮ ነው። ቤተሰቦቼ «ብቻሽን የት ትገቢያለሽ፣ ገንዘቡስ መች ይበቃሻል» ይሉኛል። ይበቃኛል ወይ? የትስ ልደር? እውነቱን ለመናገር የሚያስጨንቀኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ምግብ ቤት ገብቼ ብቻዬን ስቀመጥ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ከአሁኑ ይታየኛል።
— ጓደኛዋ የቀረችባት

መልስ፦ ልጄ፣ ሂጂ። ይህን ቃል መጀመሪያ ላይ ያስቀመጥኩት ቤተሰቦችሽ መጽሔቱን ቢነጥቁሽ እንኳ እንዳያመልጣቸው ነው። 500 ዩሮውም ይበቃሻል። የሚበቃሽ ግን አንድ ነገር ከጠበቅሽ ነው፤ በቀን ከአንድ በር በላይ በገንዘብ አትግቢ። አንድ የሚከፈልበት ቦታ፣ የቀረው ቀን በእግር።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። መጀመሪያ ሮም የሄድኩት በ41 ዓመቴ፣ እንዳንቺው ብቻዬን ነበር። እንዳይቆጨኝ ብዬ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ቦታ ከፍዬ ገባሁ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ያየሁትን ልጽፍ ስሞክር፣ አፍንጫው የተሰበረው ንጉሠ ነገሥት የትኛው ሙዚየም እንደነበረ ጠፋኝ። ለካ የሁሉም አፍንጫ ተሰብሯል! በማግስቱ ገንዘቤን ቆጥሬ ደነገጥኩና ቀኑን ሙሉ ምንም ሳልከፍል ስዞር ዋልኩ። ዛሬ ድረስ ጥርት ብሎ የሚታየኝ ያ ሁለተኛው ቀን ነው።

አሁን ወደ አልጋው። እዚህም ላይ የራሴን ሞኝነት ልንገርሽ። ርካሽ ነው ብዬ ከተማዋን ከሚዞረው የቀለበት መንገድ ውጭ በ22 ዩሮ ክፍል ያዝኩ። ፎቶው ላይ መስኮቱ ያምር ነበር። መስኮቱስ እውነት ነው፤ ያልተነገረኝ ከመስኮቱ የሚታየው አውቶቡስ በሰዓት አንዴ ብቻ እንደሚያልፍ ነው። የሮም ሜትሮ በሥራ ቀን ከምሽቱ 5፡30 ላይ ይቆማል (እነሱ 23፡30 ብለው ይጽፉታል፤ ስድስት ሰዓት መቀነሱን አትርሺ)። ሁለት ምሽት አመለጠኝና ሁለቱንም በታክሲ ተመለስኩ። በአልጋው ያተረፍኩትን ታክሲው ጨርሶት ተጨማሪም ወሰደ። ስለዚህ አልጋ ስትመርጪ የአዳሩን ዋጋ ብቻ አትይ። ማታ በእግርሽ ልትመለሺበት የምትችይበት ቦታ ነው ወይ ብለሽ ጠይቂ።

እኔ ፒራሚዴ በሚባለው የሜትሮ ጣቢያ አካባቢ እደሪ እላለሁ። ብዙ ሰው የሚያድረው ቴርሚኒ በሚባለው ትልቁ የባቡር ጣቢያ ዙሪያ ነው፤ መጥፎ አይደለም፣ ግን ማታ ማታ የጣቢያ ሰፈር የጣቢያ ሰፈር ነው። ፒራሚዴ ስሙን ያገኘው ከእውነተኛ ፒራሚድ ነው። ሴስቲዩስ የሚባል ሮማዊ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሠራው መቃብሩ ነው፤ 36 ሜትር ያህል ይቆማል፣ አጠገቡ ትራሙ ያልፋል። ከአውሮፕላን ማረፊያው ከፊዩሚቺኖ የሚነሳው ተራ ባቡር በ8 ዩሮ ኦስቲዬንሴ ጣቢያ ያወርድሻል፤ ከዚያ ፒራሚዴ ቅርብ ነው። ወደ ቴርሚኒ በቀጥታ የሚሄደው ፈጣኑ ባቡር 14 ዩሮ ነው፣ ታክሲ ደግሞ ከ50 ዩሮ ያልፋል። የባቡሩን የወረቀት ቲኬት ከመሳፈርሽ በፊት መድረኩ ላይ ባለው ትንሽ ማሽን አስመቺው። ያላስመታሽው ቲኬት እንዳልገዛሽው ነው የሚቆጠረው።

ከፒራሚዴ ጀርባ ያለው ሰፈር ቴስታቾ ይባላል። ውስጡ አንድ ኮረብታ አለ። ጉብታው አፈር አይደለም፣ የተሰበረ ገንቦ ነው። የጥንት ሮማውያን ዘይት የመጣበትን ማሰሮ ሰባብረው እየከመሩ ተራራ አሳከሉት። ሰፈሩ የራሱ የገበያ አዳራሽ አለው፤ ምሳሽን እዚያ ፈልጊ።

እስቲ ገንዘቡን እንቁጠረው። ባለፈው ኖቬምበር ስሄድ የሴቶች ብቻ በሆነ የሆስቴል ክፍል አንድ አልጋ በ32 ዩሮ አግኝቻለሁ፤ ስድስት ሌሊት 192 ይሆናል። ከተማው ከእንግዳ ላይ በየአዳሩ የሚሰበስበው ግብር አለ፣ ለሆስቴል 3.50 ዩሮ ነው፤ 21 በይ። ማስታወቂያው ላይ ካለው ዋጋ ውጭ ስለሆነ ብዙ ሰው ሲደርስ ይጣላል፤ አትጣዪ፣ ሕጋዊ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያ ባቡር ደርሶ መልስ 16። ኮሎሲየም 18፤ በዚያው ቲኬት ፎሮ ሮማኖ የሚባለውን የጥንቱን አደባባይና የፓላቲኖን ኮረብታ ትገቢያለሽ። ፓንቴዎን የሚባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ 5። የቫቲካን ሙዚየም 20፣ በኢንተርኔት ለማስያዝ 5 ተጨማሪ፤ 25። የከተማ ትራንስፖርት ቲኬት 1.50 ነው፣ ለ100 ደቂቃ ያገለግላል፤ አስር ብትገዢ 15፣ ፒራሚዴ ካደርሽ ግን አስሩን አትጨርሺም። ለምግብ በቀን 20 እያልን ለሰባት ቀን 140 እንያዝ። ድምሩ 432 ነው። 68 ተረፈሽ። አርባውን ለክፉ ቀን ከሌላው ለይተሽ ደብቂ። ሃያ ስምንቱ የሞኝነት ገንዘብ ነው። ሰው ያለ ሞኝነት ገንዘብ አገር ሊጎበኝ አይሄድም፤ የት እንደሚሄድ ታያለሽ።

በቀን በ20 ዩሮ መብላት ይቻላል ወይ? ከቆምሽ ይቻላል። በሮም ቡና ቤት ያው ቡና ባንኮ ላይ ቆመው ሲጠጡትና ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲጠጡት ዋጋው አንድ አይደለም። ታዋቂ አደባባይ ላይ ከሆነ ሦስትና አራት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። የዋጋ ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ታገኚዋለሽ፤ ከመቀመጥሽ በፊት አንብቢው። ምሳ ላይ በጉራጅ የሚሸጥ ፒሳ ፈልጊ። በትልቅ መጥበሻ ተደርድሮ ይቀመጣል፣ በእጅሽ ይህን ያህል ብለሽ ታሳያለሽ፣ በመቀስ ቆርጦ ይመዝንልሻል። የሚለጠፈው ዋጋ የመቶ ግራም ሊሆን ስለሚችል ርካሽ ነው ብለሽ ሰፊ አታስቆርጪ። አጠገቡ ሱፕሊ የሚባል አለ፤ ሩዝ በቲማቲም ተለውሶ፣ መሐሉ አይብ ገብቶበት የተጠበሰ። ሁለቱ ካሉ እስከ ማታ ትዘልቂያለሽ። ውሃ አትግዢ። እ.ኤ.አ. ከ1874 ጀምሮ በየመንገዱ የተተከሉ ናዞኒ የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች አሉ፣ ከ2,500 በላይ ናቸው፣ ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ ሌት ተቀን ያፈሳሉ። አፉን በጣትሽ ድፈኚው፤ ከላይ ባለችው ቀዳዳ ወደ አፍሽ ይፈናጠራል። እኔ ይህን እስካውቅ ድረስ ጎንበስ እያልኩ ጫማዬን ሳጥብ ከረምኩ።

የኮሎሲየሙን ቲኬት ከራሱ ድረ ገጽ ላይ ቀደም ብለሽ ግዢ። ስምሽ ይጻፍበታል፣ በር ላይ ፓስፖርት ይጠይቁሻል። ሌሎች ሻጮች ያንኑ ቲኬት «ልዩ» የሚል ስም ሰጥተው በእጥፍ ይሸጡልሻል። ደግሞ በኖቬምበር መጀመሪያ ስለምትሄጂ የወሩ የመጀመሪያ እሁድ ላይ ልትደርሺ ትችያለሽ። በዚያ ቀን የመንግሥት ሙዚየሞችና የጥንት ፍርስራሾች መግቢያቸው ነፃ ነው (ቫቲካን ሌላ አገር ስለሆነ አይጨምርም፤ የእሱ ነፃ ቀን የወሩ የመጨረሻ እሁድ ነው)። ያን ዕለት ሁሉም ወደ ኮሎሲየም ይጎርፋል። አንቺ ጀርባሽን ስጪውና ካራካላ ወደሚባሉት የጥንት ሮማውያን መታጠቢያዎች ሂጂ፤ ሕንፃው እንደ ካቴድራል ከፍ ያለ ነው፣ ሰውም ይሳሳል። ከሰዓት በኋላ ከቴርሚኒ አጠገብ ፓላሶ ማሲሞ ግቢ። አንድ የነሐስ ቦክሰኛ ተቀምጦ ታገኚዋለሽ። ፍልሚያው አልቋል፣ ጓንቲው እጁ ላይ ነው፣ ፊቱ ላይ ያለው ቁስል በቀይ መዳብ ተሠርቷል። አንገቱን አዙሮ የሆነ ሰው የጠራው ይመስላል። እኔ ፊት ለፊቱ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ረጅም ጊዜ አየሁት።

ብቻሽን መሆንሽ የሚጠቅምሽም እዚህ ላይ ነው። ከጓደኛሽ ጋር ብትሆኚ ኖሮ ቦክሰኛው ፊት አምስት ደቂቃ ቆመሽ «እንሂድ እንጂ» ትባያለሽ፣ ወይም ራስሽ ትያለሽ። ከፓንቴዎን ጥቂት ርቆ ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ የምትባል ቤተ ክርስቲያን አለች፤ መግቢያዋ ነፃ ነው። በግራ በኩል መጨረሻ ላይ ባለው ጸሎት ቤት ሦስት የሠዓሊው የካራቫጆ ሥዕሎች አሉ፣ ሦስቱም ስለ ማቴዎስ ወንጌላዊው ናቸው። ቦታው ጨለማ ነው፤ ሳጥን ውስጥ ሳንቲም ሲገባ መብራት ይበራል፣ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል። በቡድን የመጣ ሰው ሳንቲም ይጨምራል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ጠበቅሁ። መብራቱ በሌሎች ሳንቲም አሥራ አንድ ጊዜ በራልኝ። በስድስተኛው ላይ ነው ክርስቶስ ማቴዎስን የሚጠራበት ጣት ምን ያህል ዝርግ ብሎ እንደተዘረጋ፣ ትእዛዝም ልመናም እንደማይመስል ያየሁት። በአሥራ ሁለተኛው አፈርኩና የራሴን ሳንቲም ጨመርኩ።

ሮም በኖቬምበር ዝናብ ይበዛባታል። መንገዱ በጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ስለሆነ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ ተረከዝ ያለው ጫማ ይዘሽ እንዳትሄጂ። ፀሐይም 11 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፣ ስለዚህ በጠዋት ውጪ። ዝናቡ ሲመጣ ግን አትሽሺ፣ ወደ ፓንቴዎን ሩጪ። ጣሪያው ላይ ወደ ዘጠኝ ሜትር የሚሰፋ ክፍት ቀዳዳ አለ፤ ዝናቡ ከ43 ሜትር ከፍታ ወለሉ ላይ እየወረደ በትንንሽ ጉድጓዶች ይሰርጋል። አምስቱን ዩሮ ለዚያ ቀን አቆዪው።

የእራቱ ጭንቀት ግን ገብቶኛል፤ ባንኮ ላይ ቆሞ በመጠጣት አይወጣልኝም ትያለሽ። በመጀመሪያው ምሽት እኔም ሦስት ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ የምግብ ዝርዝር የማነብ መስዬ አልፌአለሁ። በአራተኛው አስተናጋጁ ወጥቶ በጣቱ «አንድ?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ራሴን ነቀነቅሁ፣ የወጥ ቤቱ በር አጠገብ አስቀመጠኝ። መጥፎ ቦታ ሰጠኝ ብዬ ተቀይሜ ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን ምግብ አብሳዮቹ ሲጨቃጨቁ እሰማለሁ፣ ሳህኑ ሁሉ በአፍንጫዬ ሥር ያልፋል። ማንም ዞሮ አላየኝም። ሰው የሚያየው ሳህኑን ነው። ዘዴው ግን እንደተከፈተ፣ ምሽት 1፡30 ገደማ መግባት ነው፤ ለአንድ ሰው ወንበር አይነፍጉም፣ ሰፈርተኛው ሲመጣ አንቺ ጨርሰሻል። ይህን ከስድስቱ ሌሊት ሁለቱን አድርጊው፤ ሌላውን ምሽት ሱፕሊ ይበቃሻል።

አንድ ነገር ብቻ ለቤተሰቦችሽ፦ ለቪዛው የገዛሽው የ30,000 ዩሮ የጉዞ መድን አለ፤ ወረቀቱን ቤት አትተዪ፣ ፎቶውን ለእናትሽ ላኪላቸው። የአደጋ ጥሪ ቁጥር 112 ነው። የምታድሪበትን አድራሻም ስጫቸው። ከዚያ በኋላ በቀን አንዴ ከመደወል በላይ ቃል አትግቢ፤ ሁለቴ ካልሽ ሁለተኛው ሲዘገይ ቤቱ ይታመሳል።

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ባሸነፈ ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አሁን ሰሜን ጣሊያን የምትኖረው ልጄን ልጠይቅ እሄዳለሁ፤ ስመለስ ሮም ላይ አንድ ሙሉ ቀን ብቻዬን አለኝ። ሙዚየም አያጓጓኝም። አበበ የሮጠበትን መሬት መርገጥ ነው የምፈልገው። አስጎብኚ መቅጠር አልችልም፣ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። ምን ላድርግ?
— ጡረተኛው

መልስ፦ ጋሼ፣ ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ደስ ብሎኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሚፈልጉት ነገር አንድ ሳንቲም አይከፈልበትም፣ ጉልበትዎንም አይጎዳም፤ ሩጫው 42 ኪሎ ሜትር ቢሆንም ዋናው ነገር ያለቀው መጨረሻ ላይ ነውና።

ከቴርሚኒ ሜትሮ ቢ ይያዙና ቺርኮ ማሲሞ ጣቢያ ይውረዱ። ሲወጡ ከፊትዎ ትልቅ ነጭ ሕንፃ አለ፤ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት መሥሪያ ቤት ነው። መጀመሪያ ግን ጣሊያን ለአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቿ ሚኒስቴር ብላ የጀመረችው ነበር። የአክሱም ሐውልት ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ1937 የቆመው እዚህ ፊት ለፊት፣ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947ቱ የሰላም ውል ጣሊያን የወሰደችውን ልትመልስ ብትፈርምም ሐውልቱ የተመለሰው በ2005 ነው፤ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን መጣ፣ በ2008 አክሱም ላይ ቆመ። ዛሬ በቦታው አካባቢ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች ያያሉ፤ እነሱ በሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ በኋላ የተተከሉ ናቸው፤ ከሐውልቱ ጋር አይገናኙም። የእኛው የነበረበትን ቦታ በዓይነ ኅሊናዎ ማቆም ይኖርብዎታል።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ምሽት ላይ ሯጮቹ በዚህ በኩል ሲመጡ ሐውልቱ እዚሁ ቆሞ ነበር። ሩጫው ሊመሽ ሲል ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ሥር ተነስቶ፣ ከከተማ ወጥቶ፣ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ተመለሰ። የመጨረሻውን መንገድ ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩለት ነበር። ከአበበ ጎን የቀረው አንድ ሞሮኳዊ ብቻ ነበር፣ ራዲ ቤን አብደሰላም። አበበ ተፈትልኮ የወጣው እዚህ፣ ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ነው። በባዶ እግሩ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ በዓለም ክብረ ወሰን ገባ። ሞሮኳዊው በ25 ሰከንድ ያህል ተቀደመ።

ከአደባባዩ ቪያ ዲ ሳን ግሪጎሪዮ የሚባለውን መንገድ ይያዙ። ሰፊ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ዛፍ አለው። በዝግታ አስር ደቂቃ ነው፤ መንገዱ ላይ ለአበበ መታሰቢያ የተለጠፈ ጽላት አለ፣ በግድግዳው በኩል እያዩ ይሂዱ። መጨረሻው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ነው፤ ክሩን የበጠሰው እዚያ ነው። ኮሎሲየም አጠገቡ ነው፣ ከውጭ ለማየት ደግሞ ክፍያ የለም። እኔ በዚያ መንገድ የሄድኩት ጎህ ሲቀድ ነበር፤ ሰው አልነበረም፣ ጫማዬን አውልቄ ሃያ እርምጃ ያህል ሄድኩበት። አንድ መንገድ ጠራጊ አይቶኝ ሳቀ። እርስዎ ቢያወልቁ ግን ጠርሙስ ስብርባሪ ይጠንቀቁ፤ እኔ ተረከዜን ተወጋሁ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቴርሚኒ ይመለሱ። ጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «የአምስቱ መቶ አደባባይ» ይባላል። ከተሳፋሪው ስንቱ የማን አምስት መቶ እንደሆነ ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ከአደባባዩ ወደ ሪፐብሊካ አደባባይ ሲሄዱ በመናፈሻ ውስጥ መታሰቢያቸው ቆሟል። ድንጋዩ የጥንቱ የግብፅ ንጉሥ የራምሴስ ሁለተኛ፣ ሟቾቹ ጣሊያን፣ ድሉ የአሉላ። በወረራው ዘመን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ተነቅሎ ከዚህ መታሰቢያ ሥር ተቀምጦ ነበር። በአስተርጓሚነት ሮም የተወሰደው ዘርዓይ ደረስ እ.ኤ.አ. በጁን 1938 አንበሳውን ሲያይ ተንበርክኮ ጸለየ፤ ሊያስነሱት ሲሞክሩ ጎራዴውን መዘዘ። ታሰረ፤ እንደታሰረም በ1945 እዚያው ጣሊያን አገር ሞተ። አንበሳው ከዓመታት በኋላ ወደ ቤቱ ተመልሷል። መናፈሻው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ስላለ ጉልበትዎን እዚያ ያሳርፉ። አካባቢው የጣቢያ ሰፈር ነውና ሳይመሽ ይነሱ፤ ሻንጣም ይዘው አይቀመጡ።

ጊዜ ከተረፈዎ ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግቢያው ነፃ ነው፤ ፍተሻው ረጅም ሰልፍ ስላለው ግን ለእርስዎ አልመክርም። አንድ ነገር ግን ይወቁልኝ፦ ከባዚሊካው ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዘመን የእኛ መነኮሳት ያረፉበት ነው። በግዕዝ ፊደል በማተሚያ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ እ.ኤ.አ. በ1513 የታተመው በዚሁ በሮም ከተማ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔም ብቻዬን ሮም ልሄድ ነው። ጣልያንኛ አንድ ቃል አላውቅም፣ ደግሞ ሌባ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ባጭሩ ምን ትመክሪኛለሽ?
— ቋንቋ ያጠረው

መልስ፦ አንድ ቃል አላውቅም አልክ? ፌርማታ አታውቅም? ባንኮ፣ ፖስታ፣ ቪላ፣ ማኪያቶ፣ ቢራ፣ ጓንቲ፣ ካልሲ፣ ቦርሳ? ሁሉም የእነሱው ቃላት ናቸው፤ በአነጋገር ጥቂት ቢለዩም ያስኬዱሃል። አውቶቡስ ውስጥ «ፌርማታ» ብትል ሾፌሩ ይገባዋል። ማኪያቶ ስታዝ ግን ተጠንቀቅ፤ እዚያ የሚመጣልህ በትንሽዬ ስኒ፣ ወተት ጠብ የተደረገበት ጥቁር ቡና ነው። ይህ ነው እንዴ ብዬ ሁለት ጊዜ መልሼ ጠይቄአለሁ።

ሌባውን በተመለከተ የሰማኸው እውነት ነው፤ ግን ኪስ አውላቂ እንጂ ቀማኛ አይደለም የሚበዛው። ከቴርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስና የሜትሮው በር ሊዘጋ ሲል ያለው ግፊያ ዋና ቦታዎቹ ናቸው። ስልክህን የኋላ ኪስህ አታስገባ፣ ሁለት የባንክ ካርድ ካለህ አንዱን ክፍልህ ተው። እጅህ ላይ «ስጦታ ነው» ብሎ አምባር ሊያስርልህ የሚመጣ አለ፤ እጅህን ኪስህ ከተህ እለፍ፣ አትከራከረው። አውቶቡስና ሜትሮ ላይ ካርድህን በማስነካት መክፈል ትችላለህ፤ ሳትከፍል ከተያዝክ ግን ቅጣቱ ከ50 ዩሮ በላይ ነው፣ ቱሪስት ነኝ አላውቅም የሚል ሰበብ አይሰሙህም። የስፔን ደረጃዎች በሚባለው ታዋቂ መወጣጫ ላይም ደከመኝ ብለህ እንዳትቀመጥ፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የተከለከለ ነው፣ ቅጣቱ ከ250 ዩሮ ይጀምራል። ፖሊሶቹ በፊሽካ ነው የሚያስነሱህ፣ እኔንም አስነስተውኛል።

አንድ ቃል ረስቼ፦ ባኞ። የእነሱ ባኞ መታጠቢያ ገንዳ ብቻ አይደለም፣ ሽንት ቤቱም ነው። የጣቢያዎቹ ያስከፍላል። ቡና ቤት ገብተህ ባንኮ ላይ አንድ ቡና ጠጣና «ባኞ?» በል፤ በጣታቸው ወደ ውስጥ ያሳዩሃል።